ጋሼ እጃቸውን ያወጡ ዕለት

ባለፈው እሁድ ጣና ዳር ቡና ይዘን ቁጭ ብለን አንድ ጓደኛዬ ስለ አሜሪካ ምርጫ ይነዘንዘኝ ጀመር። ምርጫው ካለፈ ቆይቷል፣ እሱ ግን እስካሁን አልወጣለትም። «ሊዝ ቼኒ የዲክ ቼኒ ልጅ ሆና እንዴት ለካማላ ሃሪስ ትቀሰቅሳለች? ሰው የገዛ ቤቱን እንዲህ ያፈርሳል?» ይላል። ዲክ ቼኒ በቡሽ ጊዜ የሪፐብሊካኖች ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፣ ሊዝም የዚያው ፓርቲ የምክር ቤት አባል ነበረች፤ ሃሪስ ደግሞ የተፎካካሪዎቹ የዴሞክራቶች ፕሬዚዳንታዊ እጩ ነበረች። ለእሱ ነገሩ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፦ ክህደት። እኔ ደግሞ እሱ ሲያወራ ትዝ ያለኝ የሰፈራችን እድር ነው። አጎቴ ጋሼ ትዝ አሉኝ።

እድሩን በስም አልጠራም። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ሁለት ሰው ሲያወራ ሦስተኛው ዘመድ ሆኖ ይገኛል።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። በእድሩ ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይተዋል፣ ከነባሮቹ ጋር። ነባሮቹ ስል ድንኳኑን የገዙት፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ያሟሉት፣ ለቅሶ ሲኖር ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት ሰዎች ናቸው። መጥፎ ሰዎች አይደሉም። ግን ሂሳብ ይመርመር ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል። «እኛን ነው የምትጠረጥሩት?» ነው መልሳቸው። ወዲያ ማዶ ወጣቶቹ አሉ። መዋጮው በቴሌብር ይሁን፣ ደብተሩ በየስድስት ወሩ አባላት ፊት ይነበብ የሚሉ። ከእነሱም ውስጥ አፋቸው የማያርፍ፣ ሽማግሌ የማያከብሩ ነበሩ። እጩ ያደረጉት ልጅ ራሱ አንድ ቀን በስብሰባ መሃል ጋሼን «አንቱ ጊዜዎ አልፏል» ብሏቸዋል። ጋሼ ይህን አይረሱም። ማንም አይረሳም።

የምርጫው ዕለት ሁሉም ጋሼን ከነባሮቹ ጋር ቆጥሯቸዋል። የነባሮቹ እጩ አብሮ አደጋቸው ነው፣ አበልጃቸውም ነው። የእሱ ስም ተጠርቶ «የምትደግፉ» ሲባል ጋሼ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ሰው ዞር እያለ አያቸው። ቀጥሎ የወጣቱ ስም ሲጠራ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ቀኝ እጃቸውን አወጡ፣ ቀጥ አድርገው፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንዳለው ተማሪ። «ልጁን ወድጄው አይደለም። ደብተሩ ይነበብ ስላለ ነው» አሉ። ተቀመጡ።

ወጣቱ አሸነፈ። እኔ ከኋላ ሆኜ ስቆጥር ጋሼን ተከትለው የወጡ እጆች ሁለት ናቸው። አንዱ የእትዬ ነው፣ የባለቤታቸው።

ጓደኛዬ ያልገባው ይህ ይመስለኛል። ወደ ማዶ የሚሻገር ሰው መንጋውን ይዞ የሚሻገር ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብቻውን ነው የሚሻገረው። ሊዝ ቼኒን እንይ። በነሐሴ 2022 (ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው) በግዛቷ በዋዮሚንግ፣ በፓርቲዋ የውስጥ ምርጫ፣ በሰፊ ልዩነት ተሸንፋ ወንበሯን አጣች። በጥቅምት 2024 ደግሞ ዊስኮንሲን ውስጥ ሪፐን የምትባል ትንሽ ከተማ ከሃሪስ ጋር መድረክ ላይ ቆመች። ሪፐን ሪፐብሊካን ፓርቲ በ1854 የተጸነሰባት ቦታ ናት፣ እና ቦታው ሆን ተብሎ ነው የተመረጠው። ውጤቱስ? ትራምፕ ዊስኮንሲንን ጨምሮ ሰባቱንም ዋዣቂ ግዛቶች ጠቅልሎ ወሰደ። አባቷ ዲክ ቼኒም ሃሪስን ደግፎ ነበር። የእሱ ድጋፍማ ጭራሽ ግራ ያጋባል፣ ምክንያቱም ብዙ ዴሞክራት በኢራቅ ጦርነት የተነሳ ሰውየውን ዓመታት ሙሉ ሲረግመው ነው የኖረው፣ እና እንዲህ ያለ ድጋፍ ስጦታ ይሁን እዳ ለመለየት ያስቸግራል።

ጆን ኬሲክም አለ። የኦሃዮ ገዥ የነበረ ሪፐብሊካን። በ2020 ለዴሞክራቱ ለባይደን ሲናገር የጠጠር መንገድ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው የተቀረጸው፣ አሜሪካ መንታ መንገድ ላይ ናት ለማለት። (እኔን ትንሽ አሳቀኝ። መልእክቱን ገባን እኮ፣ ጠጠሩ ባይኖርም።) የገዛ ግዛቱ ኦሃዮ ግን በስምንት ነጥብ ልዩነት ለትራምፕ ሄደች።

ቅርባችን ኬንያ ደግሞ የባሰ አለ። በ2022 ኡሁሩ ኬንያታ የገዛ ምክትሉን ዊሊያም ሩቶን ትቶ ሁለት ጊዜ የተፎካከረውን ራይላ ኦዲንጋን ደገፈ። ፕሬዚዳንት ነው፣ ሥልጣን ላይ ነው፣ ምን ያልነበረው አለ? የትውልድ አካባቢው የማውንት ኬንያ ሕዝብ ግን አብላጫው ድምፁን ለሩቶ ሰጠ። መሪው ተሻገረ፣ ሕዝቡ ወንዙ ማዶ ቆሞ አየው።

እርግጥ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ራይላ ራሱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በ2002 ከገዥው ፓርቲ ከካኑ ወጥቶ ናይሮቢ ውስጥ ሕዝብ ፊት ስለ ተቃዋሚው እጩ «ኪባኪ ቶሻ» አለ፤ ኪባኪ ለቦታው ይበቃል እንደማለት ነው። ኪባኪ የመኪና አደጋ ደርሶበት ለንደን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቅስቀሳውን ከተሸከሙለት አንዱ ራይላ ነበር። አሸነፉ። በ2020ም ባይደን አሪዞናን የወሰደው በ10,457 ድምፅ ነው፣ የግዛቷ ሴናተር የነበረው የሪፐብሊካኑ የጆን ማኬይን ባለቤት ሲንዲ ማኬይን በይፋ ከደገፈችው በኋላ። እሷ አመጣችው ማለት አልችልም። ግን ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ ሁለት እጅም ሁለት እጅ ነው።

ከሁሉም ግን ለእኔ የሚበልጠው ኮሊን ፓወል ነው። በጥቅምት 2008 በአንድ የእሁድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ቀርቦ ኦባማን እደግፋለሁ አለ። ሪፐብሊካን ነው፣ በቡሽ ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፣ ተፎካካሪው ማኬይን ደግሞ የረጅም ዘመን ወዳጁ ነው። ልክ እንደ ጋሼ አበልጅ። ፓወል ያነሳው አንድ ነገር ከሌላው ሁሉ በላይ አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ያኔ ኦባማ ሙስሊም ነው እየተባለ ይወራ ነበር። ፓወል አይደለም፣ ክርስቲያን ነው ብሎ ማቆም ይችል ነበር። አላቆመም፤ ቢሆንስ ምን አለበት፣ አንድ የሰባት ዓመት ሙስሊም አሜሪካዊ ልጅ ፕሬዚዳንት እሆናለሁ ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ አነሳ። ከዚያ ስለ አንድ ፎቶ ተናገረ። አንዲት እናት ኢራቅ ላይ የሞተ ልጇ መቃብር ድንጋይ ላይ ራሷን አስደግፋ፣ ድንጋዩ ላይ መስቀል ሳይሆን ጨረቃና ኮከብ ተቀርጾበት። ይህን ለገዛ ፓርቲው ሰዎች ነው የነገራቸው። አንድ ዴሞክራት ቢለው ኖሮ የምርጫ ወሬ ነው ተብሎ ያልፍ ነበር።

ጋሼም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወጣቶቹ ደብተሩ ይነበብ ሲሉ ነባሮቹ «ንቀት ነው» ብለው ያልፉት ነበር። ጋሼ ሲሉት ግን ንቀት ነው ማለት አልቻሉም። እና ለዚህ ነው የተናደዱት።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ጓደኛዬ። ልክ ነው። ግን ጋሼ ሁለት ዛፍ አልወጡም፣ ከአንዱ ወረዱ እንጂ። ሁለት ዛፍ ላይ ለመውጣት የሚሞክረውን ሰው እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ድምፁ ተቆጥሮ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ቆቡን ገልብጦ የሚመጣው ነው። እሱን አንጠላም እኮ፣ ሰላምታ እንሰጠዋለን፣ ሠርግ ላይ ከፊት እናስቀምጠዋለን። ቀድሞ፣ ውጤቱ ሳይታወቅ፣ ከስሮ የተሻገረውን ነው ባንዳና ተለጣፊ የምንለው። ይህ ነገር ያበሳጨኛል።

ፈረንሳዮች ይህን ነገር ለምደውታል። በ2002 በመጀመሪያው ዙር ሶሻሊስቱ ወድቆ ቀኝ ዘመሙ ዣክ ሺራክና ቀኝ አክራሪው ዣን ማሪ ለፔን ብቻ ሲቀሩ ግራ ዘመሞቹ ሺራክን ጥርሳቸውን ነክሰው መረጡት። «አጭበርባሪውን ምረጡ፣ ፋሽስቱን ግን አትምረጡ» የሚል መፈክር ሁሉ ነበር። በመጀመሪያው ዙር 20 በመቶ እንኳ ያልሞላው ሰውዬ በሁለተኛው 82 በመቶ አገኘ። ማንም ሺራክን ወደደው አላለም። በማግስቱ መቃወማቸውን ቀጠሉ።

የእኛ ሕገ መንግሥትም ወረቀት ላይ እንዲህ ላለ ሰው ቦታ አለው። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ ተገዢ ናቸው ይላል። በአገራችን አቆጣጠር በ2014 መጀመሪያ ከኢዜማ ብርሃኑ ነጋ፣ ከአብን በለጠ ሞላ፣ ከኦነግ ቀጄላ መርዳሳ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ ብዙ ሰው አዲስ ነገር ነው ብሎ ተነጋገረበት። አዲስነቱ እውነት ነው። ግን ያ ከምርጫ በኋላ የመጣ ሹመት ነው። እኔ የምለው ከምርጫ በፊት፣ የፓርቲዬ እጩ ከሚመረጥ የእነሱ ይሻላል ብሎ መድረክ ላይ ስለሚወጣ ሰው ነው። ያን አላየሁም።

ሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ በ2016 ትራምፕንም ሂላሪንም አልፈልግም ብሎ የሚስቱን ስም ጽፎ መረጠ። ለእትዬ ብነግራቸው «ጎበዝ ባል» አሉኝ። ጋሼ ግን አልወደዱትም። «እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ ማለት ነው» አሉ።

የመሻገር ዋጋው የሚታየው ኋላ ነው። ጣና ላይ ወዳለችው ወደ ደብረ ማርያም በደንገል ታንኳ የተሻገረ ያውቃል፣ ውሃው ከሥር ሰርጎ መቀመጫህን ማራሱ አይቀርም። በሚቀጥለው ለቅሶ ጋሼ ድንኳን ገብተው ሲቀመጡ አጠገባቸው የነበሩት አንድ በአንድ ተነሱ። አንዱ ስልክ ተደወለልኝ አለ፣ ስልኩ ግን ዝም ያለ ነው፣ አይቼዋለሁ። አበልጃቸው ያን ዓመት ፋሲካ አልጠራቸውም። ወጣቶቹስ? አጨበጨቡላቸው፣ ከዚያ ኮሚቴ ሲዋቀር ስማቸውን አላነሱትም። «ትናንት እነሱን የተወ ነገ እኛን ይተወናል» ብሎ አንዱ ነግሮኛል። ጆ ሊበርማንም ይህ ደርሶበታል። በ2000 የዴሞክራቶች ምክትል ፕሬዚዳንት እጩ የነበረ ሰው በ2008 በሪፐብሊካኖች ጉባኤ ላይ ለማኬይን ተናገረ። ማኬይን ምክትሉ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፣ ፓርቲው አይሆንም አለ፣ ቦታው ለሣራ ፔሊን ሄደ።

ደብተሩ ግን ተነበበ። ስርቆት አልተገኘም። የተገኘው ዝርክርክነት ነው። ለታመመ አባል የተሰጠ ብድር ሳይመዘገብ ቀርቷል፣ የወንበር ኪራይ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው። «ሌባ አስመስለኸን!» አሏቸው ነባሮቹ። ጋሼ «ሌባ አላልኩም። ይነበብ ነው ያልኩት» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም።

አሁን ሌላ ምርጫ እየደረሰ ነው። ወጣቱ ሰብሳቢ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ አስነበበ፣ ሦስተኛው ስድስት ወር ግን ካለፈ ቆይቷል። ሲጠየቅ «እኔን ነው የምትጠረጥሩት?» ብሏል አሉ። ነባሮቹ ደግሞ በተራቸው ሂሳብ ይመርመር እያሉ ሰፈሩን እየዞሩ ነው። ቅዳሜ ማታ አበልጃቸው ስንት ጊዜ ዘግቷቸው ከቆየ በኋላ ለጋሼ ስልክ ደወለ። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ጋሼ ስልኩን ይዘው ወደ በረንዳ ወጡ።

«ምን አሉት?» ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው።

«ምን ይሉታል» አሉ ሽሮውን እያማሰሉ፣ «አንተ ስትመረጥ የሚያነበው ማን ነው አሉት።»