ምራቂ

ጎንደር የገባሁት ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። ጥምቀት ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ተጉዤ ወገቤ ተቆራርጧል። ፒያሳ ያሉት ሆቴሎች ሞልተዋል። ደግነቱ የጓደኛዬ አክስት አንድ ትርፍ ክፍል አለቻቸው። በጥምቀት ሰሞን ለእንግዳ ያከራዩዋታል። በዚያች ገንዘብ የዓመት በርበሬያቸውን ይሸምታሉ።

እማማ ነው የምላቸው። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ «ቀሚስ ይዘሻል?» አሉኝ። አልያዝኩም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል አልሰማሽም? ነገ ቅዳሜ ገበያ እንወጣለን።»

በጠዋት ወጣን። አህዮቹ ከእኛ ቀድመዋል። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ከመተማ በኩል የመጣ ሰሊጥ። ማዶ ደግሞ ፕላስቲክ ጫማና የሞባይል ቻርጀር። ቆሜ አየሁ። እናንተ ኑግ አምጡ፣ እናንተ ማር አምጡ ብሎ ያዘዛቸው የለም። ሁሉም የጎደለውን ሊሸምት ያለውን ይዞ መጣ፤ ከተማውም ቁርሱንና ምሳውን አገኘ። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል።

በርበሬ ተራ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እማማ ከአንደኛዋ ማዳበሪያ አንድ ዛላ አነሡ። ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት። ሰበሩት፣ ፍሬውን አዩ፣ አሸተቱ። ዋጋ ጠየቁ። «ኧረ ቀንሺልኝ!» ሴትዮዋ እንቢ አለች። እማማ ዓይናቸውን ወደ ጎረቤቷ ሲያዞሩ ግን፣ «ይምጡ እማማ፣ ኧረ ይምጡ» ብላ ነጠላቸውን ያዘች። ተስማሙ። ሚዛኑ ልክ ሲሆን እማማ አልተነሡም። «መርቂኝ እንጂ!» ሴትዮዋ ሳቀችና አንድ እፍኝ ዛላ ጨመረችላቸው።

መረቀ የምንለው የባረከውንም፣ ከልኩ በላይ የጨመረውንም ነው። ምራቂ ስጡ የሚል ሕግ ግን የትም የለም። ሴትዮዋ የምትጨምረው ጎረቤቷ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለተቀመጠች ነው። ደግሞም የዛሬ ሳምንት እማማ ተመልሰው እንዲመጡላት ትፈልጋለች። ገበያ ውስጥ አጭበርባሪ የለም አልልም፤ ሚዛን የሚያዛባ ሞልቷል። ግን ሰው አንድ ቀን ከተታለለ በዚያ በኩል አያልፍም፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። ገዢ ሌላ ሻጭ ካለው አቅም አለው። ደሃ ገዢ ደግሞ ከማንም በላይ ይሄ አቅም ያስፈልገዋል።

ስንመለስ እማማ ቀበሌ ሱቅን አነሡብኝ። በደርግ ጊዜ ስኳርና ሳሙና በካርድ ነበር። «ቀኑን ሙሉ ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ አልቋል ይለናል። ምን ቸገረው? ብንገዛም ባንገዛም ደመወዙ ያው ነው። እዚያ ማን ይመርቅሻል?» ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ በኮታ ያስረክባል። ነጋዴው ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እህል እንዳያሻግር ኬላ ላይ ይያዛል። እሳቸውም ከዘመድ የተላከ ጤፍ ትራስ ውስጥ ሰፍተው አሳልፈዋል። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ አወጀና ክልከላው ተነሣ። እኔ ያደርኩባት ክፍል እንኳ በዚያ ዘመን ወንጀል ነበረች። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ወርሶ፣ የግል ሰው ቤት እንዳያከራይ ከልክሎ ነበር።

ከሰዓት ወደ አዲስ ዓለም ወረድኩ። የድሮዎቹ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር ነው። እንግዳ ሁሉ ግንቡን አይቶ ይመለሳል፤ እኔ ግን ይሄም ሰፈር መታየት ያለበት ይመስለኛል። ነገሥታቱ ግንብ ሲያሠሩ ከምጽዋና ከስናር ጋር ያገናኟቸው የእነዚህ ሰዎች ሲራራዎች ነበሩ። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲዞር የኖረውም ነጋዴና ገበሬ ስለተቀበሉት ነው። የወሰደኝ የባጃጅ ሾፌር ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ባጃጇን የገዛት እቁብ ሲደርሰው ነው። ባንክ መያዣ አምጣ ብሎት ነበር፤ የእቁብ ጓደኞቹ ግን እሱን ራሱን ያውቁታል። አሁን ታናሽ እህቱን ያስተምራል። ይሄን ሲነግረኝ መሪውን በእጁ መታ መታ ያደርግ ነበር፤ ትከሻን መታ እንደማድረግ።

የቀረኝ ቀሚሱ ነው። ጨርቁን ከገበያ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ከጥምቀት በኋላ ነይ» አለኝ። ቀጥሎ ካለው ሱቅ አንድ ወጣት ሰምቶ ኖሮ፣ «እህቴ፣ ለሰኞ ማታ ላድርስልሽ?» አለ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻዬን ለካ።

ሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። መብራት ጠፍቷል። የስልኩን መብራት ጣሳ ላይ አስደግፎ የእግር ሲንገሩን ይረግጣል። ጠርዙን ጨርሶ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ቀሚሱን አጣጥፎ ሰጠኝ። ስከፍል ከመሳቢያው አንዲት ቀጭን ሻሽ አወጣ። ከቀሚሴ ከተረፈው ጥለት የሰፋት ናት። ዋጋዋን ጠየቅኩት።

«ምራቂ ነው» አለኝ።