ከስኬትቦርዱ ጋር ሦስት ሳምንት፦ የኩሽኔታ ነገር

ሲንጫጫ የከረመው ስኬትቦርድ በመጨረሻ ጸጥ ብሎ ሄደ! ሚዛን መጠበቁ፣ መግፋቱ፣ መዞሩ በየቀኑ ከተሞከረ ይለመዳል። ሐዋሳ ላይ ፈተናው አቧራው ነው።

የከተማችን አፈር እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ነፋስ ሲያነሳው ደቃቁ ኩሽኔታ (ጎማው መሀል ገብቶ የሚያሽከረክረው ባለ ኳስ ቀለበት) ውስጥ ይገባና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ሲንጫጫ ግራሶ መጨመር ትልቅ ስህተት ነው፤ ግራሶ አቧራውን ይዞ ያስቀራል። ውኃ ደግሞ ያዝገዋል።

ጎማውን የያዘውን ዳዶ በ13 ቁጥር ቺያቬ ፍቱ። ጎማውን ግማሽ ድረስ ስባችሁ በዘንጉ ጫፍ ወደ ጎን ስትጫኑት ኩሽኔታው ይወጣል። አንድ ቦርድ 8 አለው። የኩሽኔታውን የላስቲክ ሽፋን በመርፌ ከውስጠኛው ጠርዝ በቀስታ አንሱ፤ ከጎበጠ ተመልሶ አይገጥምም። ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቃችሁ፣ ቤንዚን ውስጥ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉትና ናጡት። ፍጹም ሲደርቅ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃዋል። በኩሽኔታውና በዳዶው መሀል ያለችውን ቀጭን ሮንዴላ እንዳትጥሏት። ዳዶው እስከ መጨረሻው ከጠበቀ ጎማው ይታነቃል፤ ወደ ጎን ትንሽ ንቅንቅ ይበል።

ታጥቦም ከተንኳኳ ቀይሩት። ቁጥሩ 608 ነው፤ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። ኩሽኔታ የሚሸጥ መለዋወጫ ቤት ጠይቁ፤ የስኬትቦርድ ማርካ ያለበት ካልሆነ ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። ኩሽኔታ ላይ የሚታየው አቤክ 7፣ አቤክ 9 የሚለው ጽሑፍም የአሠራሩን ልኬት ጥራት እንጂ ፍጥነትን አይናገርም።

ጎማ ላይም ማስታወቂያው ያሳስታል። ስኬትቦርድን የጀመሩት የካሊፎርኒያ ማዕበል ተንሸራታቾች ናቸው፤ ማዕበል ሲጠፋ አስፋልት ላይ ለመንሸራተት። ሁለቱም ስፖርቶች በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ገቡ። ዛሬ ቪዲዮው ሁሉ የውድድር ነው፤ ልጆቻችንም ለዝላይ የተሠራውን 52 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬው 101ኤ የሆነ ጎማ ይገዛሉ (ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ይለሰልሳል)። በእኛ ሻካራ አስፋልት ግን እግር ያደነዝዛል፣ ጠጠር ላይ ቀጥ ይላል። አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር መንሸራተት ለሚወድ 60 ሚሊ ሜትር፣ 78ኤ ነው የሚመቸው።

ለውድድር የሚለማመዱት እግራቸው ቶሎ እንደሚጠነክር አልክድም። ለስላሳው ጎማም ችግር አለው፦ ትልቅ ስለሆነ በመታጠፊያ ላይ እንጨቱን ነክቶ ድንገት ይይዛል፣ ጋላቢውን ይወረውራል። በእንጨቱና ጎማዎቹን በያዘው ብረት መሀል 3 ሚሊ ሜትር ጠንካራ ላስቲክ አስገቡ፤ ቡሎኖቹም በዚያው ልክ ይርዘሙ።