«ጠዋት ጠዋት ነው የሚብስበት»

ሐምሌ ነበር። ፒያሳ ላይ ዝናቡ ሁለት ቀን ሙሉ አላባራም። የጥገና ሱቃችን በር ላይ ያነጠፍነው ካርቶን ረጥቦ ገንፎ ሆኗል። እትዬ ሪሲቨራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ሸፍነው ገቡ። ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው።

«የኔ ልጅ፣ አሁንም ያው ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ከራስ መኮንን ድልድይ አለፍ ብሎ ቁርስ ቤት አላቸው። ፉልና ጨጨብሳ ሊበላ የሚመጣው ደንበኛ ጠዋት መዝሙር ካልተከፈተለት ይነጫነጫል። መዝሙሩ የሚመጣው ከዩቲዩብ ነው፤ ሪሲቨሩ ከራውተሩ ጋር በኬብል ተገናኝቷል። የዲሹ ቻናሎች ጥርት ብለው ይታያሉ። ዩቲዩብ ሲከፈት ግን ያቺ ክብ ነገር መዞር ትጀምራለች፣ ዘማሪው አፉን እንደከፈተ ይቀራል።

መጀመሪያ ሲመጡ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጫንኩለት። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ከዚያ ሞከርኩት፣ እንደ ጥይት ሆነ። ሸኘኋቸው። በሳምንቱ ተመለሱ። ኬብል ቀየርኩ፣ ራውተሩን ሪሴት አስደረግኩ፣ በመጨረሻም ደረቴን ነፍቼ «እትዬ፣ ኢንተርኔትዎ ነው ቀርፋፋው፤ ፓኬጁን ከፍ ያድርጉት» አልኳቸው። ሰምተውኝ አደረጉት። በየወሩ ተጨማሪ ብር መክፈል ጀመሩ።

በሁለቱም ጊዜ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር። «ጠዋት ጠዋት ነው የሚብስበት፤ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ይለቀዋል»። እኔም መልስ አላጣሁም፤ ጠዋት ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ስለሚከፍት ነው አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ ጋሼ ሱቅ ነበሩ። ጋሼ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ እጃቸው የተፈታው በትራንዚስተር ሬዲዮ ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እትዬን ወንበር አስቀመጧቸው።

«ማታ ከሶኬት ይነቅሉታል?»

«አዎ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ያቃጥልብኛል ብዬ።»

«ጠዋት በስንት ሰዓት ይሰኩታል?»

«አሥራ ሁለት ተኩል።»

«ስልክዎስ በዚያ ሰዓት፣ በዚያው ዋይፋይ እንዴት ነው?»

«ስልኬማ ይበራል!»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ምንም አላሉም። «ይደር» ብቻ አሉ።

ሪሲቨሩ ሱቅ አደረ። የአዲስ አበባን የክረምት ሌሊት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ብረቱን ስነካው እጄን ቆረጠኝ። ከላፕቶፕ ጋር በቀጥታ በኬብል አገናኘሁት። ራውተር የለም፣ ኢንተርኔት የለም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ፒንግ አደረግኩ፤ ትንሽ የሙከራ መልእክት ልኮ መልሱን መጠበቅ ማለት ነው። አንዱም ሳይጠፋ ተመለሰ። «ይኸው ደህና ነው» ልል አፌን ስከፍት ጋሼ «እሱ 32 ባይት ነው፤ ትልቅ ላክበት» አሉኝ። 1,472 ባይት አድርጌ መቶ ጊዜ ላክሁ። 19ኙ ጠፉ። በመካከላቸው አንድ ሜትር ኬብል ብቻ ነው ያለው! የእትዬ ፓኬጅ እዚያ ጋ ነጻ ወጣ።

ከዚያ አንድ ነገር ሞከርኩ፤ ይቺ እንኳን የራሴ ናት። የላፕቶፑን ፍጥነት ከ100 ሜጋቢት ወደ 10 ሜጋቢት፣ ሀፍ ዱፕሌክስ (በየተራ ብቻ መላክና መቀበል) አወረድኩት። ከመቶው አንድም አልጠፋም። ቀርፋፋው መንገድ ከፈጣኙ በለጠ ማለት ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። በ10 ሜጋቢት ሲሄድ ምልክቱ ትልቅና ረጋ ያለ ነው፤ ትንሽ ረብሻ አይበግረውም። በ100 ላይ ምልክቱ ያንሳል፣ በጣም ይፈጥናል፣ ሦስት ደረጃ የቮልቴጅ መጠን መለየትም ይጠይቃል። የሚደርሰው ኃይል ንጹሕ ካልሆነ የሪሲቨሩ የኔትወርክ ቺፕ ይሳሳታል። እያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል ጫፉ ላይ ማረጋገጫ ቁጥር አለው፤ ካልገጠመ ዝም ተብሎ ይጣላል። ላኪው ደግሞ መንገዱ የተጨናነቀ መስሎት እንደገና ይልካል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። መሰኪያው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ብልጭ ድርግም ትላለች። ለካ እኔን የሸወደችኝ እሷ ናት።

ጋሼ ከጎረቤት የውበት ሳሎን የፀጉር ማድረቂያ አስመጡ። ልጅቷ «ጋሼ ፀጉር አወጡ እንዴ?» ብላ አሳቀችን። ክዳኑን ከፍተን የኔትወርክ መሰኪያው አካባቢ ሞቅ አደረግነው። ሦስት ደቂቃ ያህል። መልሼ በ100 ላክሁ። ሁለት ብቻ ጠፉ።

መሰኪያው አጠገብ፣ ለኔትወርኩ ቺፕ ብቻ 3.3 ቮልት የምታደርሰው ሬጉሌተር ጎን ኃይል አጠራቅማ ቮልቴጁን የምታረጋጋ አንዲት ጥቁር ካፓሲተር ቆማለች። አናቷ አላበጠም። እኔ የተበላሸ ካፓሲተር አናቱ ያብጣል ብዬ ስለማምን ሁለት ጊዜ አይቼ አልፌያታለሁ። አውጥተን ለካናት። ላይዋ ላይ የመያዝ አቅሟ 220 ማይክሮፋራድ ይላል፤ የቀራት 38 ነው። ውስጣዊ ተቃውሞዋ 14 ኦም ደርሷል፤ አዲሷ አንድ ኦም እንኳ አይሞላትም። ሬጉሌተሩ ለዓመታት ሲያሞቃት ውስጧ ያለው ፈሳሽ ደርቋል። የቀረችው ጥቂት ደግሞ በብርድ እንደ ቅቤ ትረጋለች፤ ሲሞቅ ትፈታለች። እትዬ ያሉት «አራት ሰዓት» ይኸው ነው። እኔም ሶፍትዌር ስጭንበት አንድ ሰዓት አሙቄው ነው የሞከርኩት።

የዲሹን ቻናሎች የሚቀበለው ክፍል ኃይሉን በሌላ መስመር ስለሚያገኝ አልተነካም።

ከሞተ ቦርድ ነቅዬ ልተካ ስል ጋሼ «ከሬሳ ላይ ሸሚዝ ትገፍፋለህ?» ብለው ተቆጡኝ። መርካቶ ወርጄ አዲስ ገዛሁ፤ 85 ዲግሪ ሳይሆን 105 ዲግሪ የሚችለውን። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ያንሳል። ነጩ መስመር ወደ ኔጌቲቭ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ በየድኳት።

በነጋታው ሪሲቨሩን ይዤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ቁርስ ቤቱ ደረስኩ። ሰካሁት። ዘማሪው ሳይቆም ዘመረ። እትዬ ፉል አቀረቡልኝ፣ ቃሪያውን አብዝተው። የእጅ ዋጋ እንዳልቀበል ጋሼ አስቀድመው ነግረውኛል።

«ታዲያ የኔ ልጅ፣ ያ ፓኬጅስ?» አሉኝ።

ጉሮሮዬ ላይ ዳቦው ቆመ። ሰኞ ጠዋት ፓኬጁን ለማስቀነስ አብሬያቸው ተሰለፍኩ። ዣንጥላውን የያዝኩት እኔ ነኝ።