ፀሐይዋ ምን ልትሠራ እታች ወረደች?

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አንዲት ደንበኛ ለልደቷ የኮከብ ሠንጠረዥ፣ ማለትም ስትወለድ ሰማዩ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ክብ ሥዕል፣ በከለር እንዳትምላት ጠየቀችኝ። የተወለደችው እዚሁ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ጠዋት 2 ሰዓት። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀየርኩ፦ ኦክቶበር 15፣ 1992። ሥዕሉን በሚሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ሰዓቱን 2 ብዬ ሞላሁ። ስትወለድ በምሥራቅ ይወጣ የነበረው ኮከብ አሰድ ሆነ። ደውዬ ነገርኳት፤ አንበሳ በመሆኗ ፈነደቀች።

ወረቀቱ ከፕሪንተር እንደወጣ ከዘጌ የመጡ መሪጌታ ገቡ። "ይኼ ምንድን ነው ልጄ?"

ማወቄን ላሳይ አይደል፣ ጀመርኩ። "ግራው ምሥራቅ ነው የኔታ። አግድም መስመሯ አድማስ ናት፤ ከሷ በታች ያለው አይታይም። ነጥብ ያላት ክብ ፀሐይ ናት።"

"መቼ ተወለደች?"

"ጠዋት 2 ሰዓት።"

"ታዲያ ፀሐይዋ ምን ልትሠራ እታች ወረደች?"

ክው አልኩ። ለፕሮግራሙ 2 ማለት የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው! 8 ብዬ መሙላት ነበረብኝ። ሰማዩ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚዞር፣ በስድስት ሰዓት ሩብ ክብ ይሄዳል። ሳስተካክለው አሰድ ቀርቶ አቅራብ፣ ጊንጡ፣ መጣ።

የመሪጌታው የኮከብ ሒሳብ ግን ሰዓትም አይፈልግ። የሰውየውን ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደላቱ ቁጥር ቆጥሮ በ12 መግደፍ፣ ማለትም ማካፈል ነው፤ ቀሪው ኮከቡን ይነግራል። ስሞቹ ያው ናቸው፤ ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ እያለ ይሄዳል፤ ከዐረብኛ የመጡ።

ማታ ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ባቢሎናውያንም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ410 ዓመት ግድም በሸክላ ላይ ሲጽፉ፣ የሚመዘግቡት ፕላኔቶቹ የት እንዳሉ ነበር እንጂ የሚወጣውን ኮከብ አልነበረም። ሰዓቱን ዋና ያደረጉት በኋላ ግሪክኛ የሚናገሩ የግብፅ ሰዎች ናቸው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሥዕሉ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነበር። በፈረንጆቹ 1474 ጀርመናዊው የከዋክብት ተመራማሪ ሬጂዮሞንታነስ የየዕለቱን የፕላኔቶች ቦታ በሠንጠረዥ አሳተመ፤ ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ሰማይ ማየት የሚያስፈልገው ሰው አነሰ። እኔማ በመስኮት እንኳ አላየሁም።

በማግስቱ ልጅቷ መጣች። ይቅርታ ጠይቄ አዲሱን ሰጠኋት። ጊንጡን አየት፣ አንበሳውን አየት አደረገች።

"የበፊቱ አይሻልም?" አለችኝ። "ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ።"