ለትምህርት ቤት ብለን ቤት ልንቀይር ተነስተን ነበር

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ነው። ልጃችን ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበር። አንዲት ጓደኛዬ ስልኳን አወጣችና ትምህርት ቤቶችን ከአሥር እያሰላ ቁጥር የሚሰጥ ድረ ገጽ ላይ የልጃችንን ትምህርት ቤት ስም ጻፈች። "ከአሥር አራት" አለች። ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ፣ ልጁን እዚህ ነው እንዴ የምታስተምሪው?" ስኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ያደግኩት ደሴ ነው። የተማርኩት በፈረቃ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን ነው። አሜሪካ ስንመጣ ለራሳችን የተመኘነው ብዙ አልነበረም፤ ለልጃችን ግን ጥሩ ትምህርት አልን። ስለዚህ ያ ቁጥር እንዲሁ የሚታለፍ አልሆነልኝም። በዚያ ላይ ልጁ ንባብ ላይ ደከም ብሏል የሚል ወረቀት ከአስተማሪው መጥቶ ነበር። ሁለቱን አገናኘሁና ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ስቴት፣ ሞንትጎመሪ በሚባል ካውንቲ (የስቴቱ አንድ የአስተዳደር ክፍል)፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ልጅ የሚማረው በቤቱ አድራሻ በሚመደብለት ትምህርት ቤት ነው። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የማታ ሺፍት ነኝ። የሁለት መኝታ ቤት ኪራያችን ያኔ 1,950 ዶላር ነበር። በዚያው ካውንቲ ቤተስዳ ውስጥ፣ ዘጠኝ ቁጥር ካለው ትምህርት ቤት አጠገብ ያገኘነው አፓርታማ 2,800 ነው፤ ያውም ባለ አንድ መኝታ። ልዩነቱ በወር 850፣ በዓመት 10,200 ዶላር። ባለቤቴ "ግድ የለም፣ ቅዳሜና እሁድ ማታም እነዳለሁ" አለ። ውላችን ሊያልቅ አራት ወር ይቀረዋል። የምንለቅ ከሆነ ከ60 ቀን በፊት ማሳወቅ ነበረብን። ለመወሰን ሁለት ወር ነበረን።

አንድ ዘመዳችን አቋራጭ ነገረን። "እዚያ የሚኖር ሰው አድራሻ ተዋሱ" አለ። እንዲህ ያደረጉ ሰዎችን አውቃለሁ፣ ጭንቀታቸውም ይገባኛል። ግን አትሞክሩት። በሐሰት አድራሻ ልጅ ያስመዘገበ ወላጅ የትምህርቱን ወጪ ክፈል ሊባል ይችላል፣ ልጁም ከጓደኞቹ ተለይቶ ይወጣል። እኔን ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ "ቤትህ የት ነው?" በተባለ ቁጥር እንዲዋሽ ማስተማር አልቻልኩም። እውነት ከሰው ጋር ተጠግቶ የሚኖር ቤተሰብ ከሆነ ግን ካውንቲው ለዚያ የሚሆን ቅጽ አለው። ከቤቱ ባለቤት ጋር ሆኖ መሙላት ነው።

ከዚያ እየተረጋጋሁ መረመርኩ። መጀመሪያ የካውንቲው ድረ ገጽ ላይ ያየነውን አፓርታማ አድራሻ ጻፍኩ። ኤለመንተሪውን፣ ሚድል ስኩሉንና ሃይ ስኩሉን ያወጣላችኋል። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሕንጻ ብጽፍ ሌላ ትምህርት ቤት መጣ። አከራዩ "ይሄ ሰፈር በሙሉ እዚያ ነው የሚማረው" ብሎን ነበር። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የቤቱን ቁጥር ራሳችሁ አስገቡ። የትኛው ቤት ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመደብ የሚለየው ክልል ደግሞ ለዘላለም የተሰመረ አይደለም። አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወይም አንዱ ሲጣበብ የትምህርት ቦርዱ ሊቀይረው ይችላል።

ቀጥሎ የገንዘቡን ነገር አየሁ። በብዙ የአሜሪካ አካባቢዎች ሀብታም ከተማ ሀብታም ትምህርት ቤት አለው፤ ገንዘቡ ከዚያው ከተማ የንብረት ግብር ስለሚመጣ። ሞንትጎመሪ ግን ካውንቲው በሙሉ አንድ የትምህርት ሥርዓት ነው። የቤተስዳም የሲልቨር ስፕሪንግም አስተማሪ የሚከፈለው በአንድ የደመወዝ ስኬል ነው። እንዲያውም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የበዙባቸው "ታይትል ዋን" የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ከፌዴራል መንግሥት ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛሉ። የኛ አንዱ ነው። ይህን ሳላውቅ ነው ሁለት ዓመት ልጄን የላክሁት።

ታዲያ አራት ከየት መጣ? ያ ቁጥር በዋናነት የሚሠራው ከፈተና ውጤት ነው። የፈተና ውጤት ደግሞ የቤተሰብን ገቢና የወላጅን ትምህርት በጣም ይከተላል። ገና እንግሊዝኛ በመልመድ ላይ ያሉ ልጆች በሞሉበት ትምህርት ቤት ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ስቴቱ የሚያወጣው የሜሪላንድ ሪፖርት ካርድ ይሻላል። እዚያ ልጆቹ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንዳደጉ ይታያል፣ ውጤቱም በቡድን በቡድን ተከፋፍሎ ይቀርባል። እንደ ልጄ ገና እንግሊዝኛ የሚለምዱ ተማሪዎች የሚለውን መስመር ፈለግኩ። በባለ ዘጠኙ ትምህርት ቤት በዚያ መስመር ላይ ቁጥር የለም፣ ኮከብ ምልክት ብቻ ነው። ልጆቹ በጣም ጥቂት ሲሆኑ ውጤታቸው አይወጣም። ያ ዘጠኝ ስለ ልጄ ዓይነት ልጅ የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም።

ሁለቱንም በአካል ሄጄ አየሁ። የቤተስዳው ያምራል፣ ሰዎቹም በትሕትና ነው ያስተናገዱኝ። ባሳዩኝ ክፍል ልጆቹን ቆጠርኩ፣ 26 ናቸው። በኛው 19 ነበሩ። በኛው ትምህርት ቤት በር ላይ በአማርኛ "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል ተለጥፏል። ስንት ጊዜ በዚያ በር እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው፣ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ከሁሉም የረዳኝ ግን አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ነው፤ ከአስተማሪው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር። አንደኛ ክፍል እያለ ለወላጆች ስብሰባ ሁለቴ ተጠርቼ ቀርቻለሁ። ሺፍቱም ነበር። እንግሊዝኛዬም ያሳፍረኝ ነበር። አሁንም ይቆጨኛል። ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት አላወቅኩም ነበር። ጠይቁ፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

አስተማሪው የልጄን የንባብ ማህደር ከፈተልኝ። "ፊደሉ ላይ ችግር የለበትም፣ አንብቦ ይጨርሳል" አለ። "ያነበበውን ግን ሊነግረኝ አይችልም። ቃላቱ ትርጉም የላቸውም ለእሱ።" ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። "ቤት ውስጥ በአማርኛ ታናግሩታላችሁ? ተረት ትነግሩታላችሁ?" እኛ እንግሊዝኛው እንዳይበላሽበት ብለን በተሰባበረው እንግሊዝኛችን ነበር የምናናግረው። ባለቤቴ ማታ የለም። እኔ ማታ የለሁም። ብዙውን ጊዜ ከልጁ ጋር የሚያመሸው ታብሌቱ ነበር።

ያን ሰሞን አንድ ማታ ሥራ አልነበረኝም። ስለ ቢቨር የሚያወራ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ቢቨር እንጨት እየቆረጠ ወንዝ የሚዘጋ እንስሳ ነው። "ዳም" የምትለዋን ቃል አጥርቶ አነበበ። "ምንድነው እሱ?" አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። "ግድብ እኮ ነው" አልኩት። ዓይኑ በራ። "ግድብ? እንደ ሕዳሴ ግድብ?" አባቱ ዜናውን ሲከታተል ሰምቷል። ወዲያው ወደ ሥዕሉ ተመልሶ ውሃው የት እንደሚጠራቀም በጣቱ አሳየኝ። ያቺን ገጽ ደግሞ ራሱ አስረዳኝ።

ያን ሌሊት ሒሳቡን ከባለቤቴ ጋር እንደገና ሠራነው። 850 ዶላሩ የሚመጣው ከእሱ የቅዳሜና እሁድ ማታ ነው። ልጁ የጎደለው ደግሞ ማታ የሚያናግረው ሰው ነው። ከባለ ዘጠኙ ትምህርት ቤት በር አድርሰነው ቤት ሲገባ ግን ማንም ላይኖር ነው። ውሉን አደስን። እኔም ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ጠዋት ሺፍት ዞርኩ። ገቢዬ ትንሽ ቀነሰ፤ ከ850 ግን በብዙ ያንሳል።

ለሁሉም ሰው መቅረት ይሻላል ማለቴ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ልጇን ሌሎች ልጆች እያስቸገሩት፣ ደጋግማ ብታመለክትም ሰሚ አጣች። ሰፈር ለቀቀች፤ ትክክል አደረገች። ልጁ መሄድ እየፈራ ከሆነ ሪፖርት ካርድ ማንበብ አያስፈልግም፣ መውጣት ነው።

የኛ ልጅ አሁን አምስተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ለሚለምዱ ልጆች የሚሰጠውን ትምህርት፣ ኢሶሉን፣ ባለፈው ዓመት ጨርሷል። ግን በሚቀጥለው ዓመት ሚድል ስኩል ይገባል፣ የተመደበለትም ሌላ ሕንጻ፣ ሌሎች አስተማሪዎች ናቸው። ጥያቄው እንደገና መጥቷል። ትናንት ካርታውን ከፍቼ ነበር። ሚድል ስኩሉ ወላጆችን የሚቀበልበትን ቀን ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌያለሁ፣ አስተርጓሚም ጠይቄያለሁ። የዚያን ቀን ሺፍቴን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬያለሁ።