«አንድ መልስ ብቻ!»፦ ልጄን ልዩ ክፍል ለማስገባት የሄድኩበት መንገድ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የቡና መጋዘን አለኝ። ልጄ አራተኛ ክፍል እያለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚዛኑ አጠገብ ባርጩማ ላይ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ገበሬው «30 ፈረሱላ» ሲል፣ ካልኩሌተሬን ሳላነሳ «510 ኪሎ» አለች። እንዴት አወቅሽ ስላት «አባዬ፣ 6 ፈረሱላ እኮ 102 ነው። መቶዋን አምስቴ፣ ሁለቷን አምስቴ» አለችኝ። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ሰምታለች እንጂ ይህን ዘዴ ያሳያት ሰው የለም። ሰርተፊኬቷ ላይ ግን ከ61 ተማሪ 27ኛ ናት።

በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቷ «ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው» ብሎ አንድ ክፍል ከፈተ። ፎርሙ፣ ጉርድ ፎቶው፣ የልደት ካርዱ በግማሽ ቀን አለቀ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰርተፊኬቱን ገለጥ አድርገው «ከ1 እስከ 3 ካልወጣች ምን ብዬ ልመዝግባት?» አሉኝ። ደረጃና ተሰጥኦ አንድ ነው ወይ ብላቸው «ጎበዝ ጎበዝ ነው» ብለው ዘጉኝ። ሦስት ቀን ተመላልሼ፣ በስንት ልመና ለፈተናው ፈቀዱ።

ፈተናው 40 ጥያቄ በ30 ደቂቃ፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር አፋን ኦሮሞ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ነው የምታወራው። ወደቀች ሲሉኝ ወረቀቱን ካላየሁ አልሄድም አልኩ። አንዱ ጥያቄ «1፣ 2፣ 4፣ ___» ይላል። 8 ጽፋ ከጎኑ 7 ጨምራለች። ከሥሩ በእርሳስ፦ «እጥፍ ከሆነ 8፤ መጀመሪያ 1 ቀጥሎ 2 ቀጥሎ 3 እየተጨመረ ከሆነ 7።» በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎ «አንድ መልስ ብቻ!» ተብሏል። እንዲህ እያሰላሰለች 14ኛው ጥያቄ ላይ ሰዓቱ አልቆባታል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ምክትሉን ብቻ እንዳላማ ግን የራሴ ጉድ አለ። ባጃጅ ውስጥ ገና ከመግባታችን «አንዱን ጽፈሽ ብታልፊ ምን ነበረበት?» ብዬ ጮህኩባት። ከፈተናው በፊትም አስጠኚ ቀጥሬ ሦስት ሳምንት አሰቃይቻታለሁ። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጣ አራት ወር ሙሉ አንድ ቁጥር አልወጣትም።

ማንበብ የጀመርኩት ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። ጆሴፍ ሬንዙሊ የሚባለው አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ በ1978 እ.ኤ.አ. ተሰጥኦ ማለት ሦስት ነገር ሲገናኝ ነው ያለው፦ ከአማካይ በላይ ችሎታ፣ የያዙትን ሥራ የሙጥኝ ማለት፣ ፈጠራ። ከአማካይ በላይ እንጂ አንደኛ መውጣት አላለም! ካናዳዊው ፍራንስዋ ጋኜ ደግሞ በተፈጥሮ የተሰጠውንና በልምምድ የዳበረውን ለይቶ ያስቀምጣል። እኛ ሁለቱንም ተሰጥኦ እንላለን፤ ሸምድዶ አንደኛ የወጣውን ቀለሜም እዚያው እንጨምረዋለን። ሉዊስ ተርማን የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከ1921 ጀምሮ ባለተሰጥኦዎችን ለማጥናት የካሊፎርኒያን ልጆች በአይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ሲመርጥ ዊልያም ሾክሌይ አላለፈም። ሾክሌይ በ1956 በፊዚክስ ኖቤል ወሰደ።

ስለዚህ ሰርተፊኬት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ልጁ ያለውንና የሠራውን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ፣ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ፈተናው ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ካልሆነ አታስፈትኑ። «አስጠንታችሁ አምጡ» ይሏችኋል፤ እኔ ግን አታስጠኑ እላለሁ፤ የሚለካው ያስጠኚው ጉልበት ነው የሚሆነው።

ባለፈው ሳምንት ከረጢት እየመዘንን ሳለ «አባዬ፣ ፈረሱላ ለምን 20 ኪሎ አላደረጉትም? ይቀል ነበር እኮ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቼ ቀኑን ጻፍኩ።