የያቤሎዋ ወፍ

ከአዲስ አበባ ያቤሎ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዲላ አልፈን ሐገረ ማርያምን ስንሻገር ቡናውና እንሰቱ ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው ግራር፣ ቀይ አፈርና ኩይሳ ነው። የቦረና ኩይሳ ደግሞ ለብቻው ነው። ከሰው ቁመት በላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ለአንዲት ወፍ ነው። ቁራ ትባላለች፤ ግን እኛ ሰፈር እንደምናውቀው ቁራ አይደለችም። በዓለም ላይ ከዚህ ከያቤሎና ከሜጋ አካባቢ ውጪ የትም የለችም። ሳይንስ የመዘገባት እንኳ በ1938 (እ.ኤ.አ.) ነው።

አስጎብኚዬ የቦረና ልጅ ነው። "እህቴ፣ በጠዋት ካልወጣን ፀሐይ ትቀድመናለች" አለኝ። ገና ሲነጋጋ ወጣን። ጅግራዎች መንገዱን እየተሯሯጡ ያቋርጣሉ። ዲክዲኮች ሁለት ሁለት ሆነው ከቁጥቋጦ ሥር ያዩናል። አንድ ድንጋያማ ቦታ ላይ የበረሃ ጽጌረዳ አየሁ። ግንዷ እንደ ቅል ያበጠ ነው፤ ውሃዋን የምታስቀምጠው እዚያ ነው። ቅጠል የላትም፣ አበባዋ ግን ደማቅ ሮዝ። ልነካት ስል ልጁ እጄን ያዘኝ። ወተቷ መርዝ ነው፣ ድሮ ቀስት ይቀቡበት ነበር።

ወፏን ያገኘናት ከብት የረገጠው ሜዳ ላይ ነው። ግራጫ ገላ፣ ጥቁር ክንፍና ጭራ፣ በዓይኗ ዙሪያ ደግሞ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ። ደረቅ እበት በመንቁሯ ገለበጠች፤ ከሥሩ ትል አወጣች። ከዚያ ጓደኛዋ አጠገቧ መጥታ የአንገቷን ላባ ታበጥርላት ጀመር። እኔም ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ። ጎጇቸው ግራሩ አናት ላይ ነው፤ ትልቅ የእሾህ ክምር፣ መግቢያው ከላይ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ነገሩ ተለወጠ። ቁራዎቹ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ ጥላ ሥር ገቡ። ሌሎቹ ወፎች ግን እዚያው ፀሐይ ላይ ይለቅማሉ። ይቺ ወፍ ሙቀት አትችልም። ግራሩ፣ አፈሩ፣ ከብቱ ከዚህ ራቅ ብሎም አለ። እዚያ ግን ትንሽ ይሞቃል፣ እሷም የለችም። ያቤሎና ሜጋ በቆላ የተከበቡ ቀዝቀዝ ያሉ ደሴቶች ናቸው ማለት ነው። ዓለም እየሞቀ ሲሄድ ወዴት ትሄዳለች? ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ሌላም ችግር አለ። ቦረናዎች ድሮ ሣሩን በየጊዜው ያቃጥሉ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህ ሲከለከል ቁጥቋጦው ሜዳውን ዋጠው። ወፏ ደግሞ የምትለቅመው ገላጣ መሬት ላይ ነው። ገላጣውን መሬት የሚጠብቁላት ከብቶቹ ናቸው። እነሱም ከ2020 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ በብዛት አለቁ።

በማግስቱ ልንሄድ ስንል ልጁ የአባቱን በረት አሳየኝ። ሰፊ ነው፤ ከብቱ ግን ጥጉን ብቻ ይዟል። የእሾህ አጥሩ ላይ ሁለት ቁራዎች ቆመዋል፤ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃሉ።